ልጁ አልከሳም፣ እየረዘመ ነው

ወሎዬዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። እኔም የእናንተው ነኝና ቻሉኝ።

በቀደም ደሴ አንድ ቤት ቡና ተጠራሁ። የ4 ዓመት ልጅ እየሮጠ ገባ። ቀጠን ያለ፣ ዓይኑ የሚያበራ ልጅ። አያቱ ገና ሲያዩት «ምነው ይሄ ልጅ እንዲህ ከሳ? አታበይውም እንዴ?» ብለው እናቱን አሸማቀቋት። ምን ታድርግ? አቦሉ ሳይቀዳ ልጁ በአንድ እጁ ለስላሳ፣ በሌላው ብስኩት ይዞ ነበር። ድብልብል ያለው የጎረቤት ልጅ ግን «ማሻአላህ!» ተብሎ እንትፍ እንትፍ ተባለለት።

ኧረ ተዉ!

ነገሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ ሰው ወፍራም ልጅ ሲያይ ልቡ ቢያርፍ አይፈረድበትም። የዚያ ዘመን ፍርሃት ግን በለስላሳ አይድንም።

እስቲ የልጅን አስተዳደግ ልብ በሉ። ጤነኛ ሕፃን በ5 ወሩ ገደማ ሲወለድ የነበረውን ክብደት እጥፍ ያደርሳል። ዓመት ሲሞላው ሦስት እጥፍ። ያኔ መወፈሩ ተገቢ ነው። ከዚያ መሮጥ ይጀምራል፤ ቁመቱ ይመዘዛል፤ ጉንጩ ይጎድላል። እስከ 5 እና 6 ዓመቱ ድረስ እየቀጠነ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ መልሶ ይሞላል። የሚያሳስበው ይህ መሙላት ከ5 ዓመት በፊት ሲመጣ ነው። ቀድመው የሞሉ ልጆች ሲያድጉ ከልክ በላይ የመወፈር ዕድላቸው ከፍ ይላል። እኛስ? በሰዓቱ የቀጠነውን ልጅ ጠፍንገን ይዘን እናጎርሳለን። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ጠግቦ አፉን ለዘጋ ልጅ ግን ግፍ ነው።

«እኛ አገር ደግሞ ምን ውፍረት አለና?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ ዋናው ችግራችን አሁንም መቀንጨር፣ ማለትም ቁመት ለዕድሜ ከሚገባው በታች መቅረቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። ከመጠን በላይ የወፈሩት በአገር ደረጃ 1 በመቶ ገደማ። ታዲያ የቀነጨረን ልጅ ብስኩት ያስረዝመዋል? አጭርም ወፍራምም የሆነ ልጅ እኮ አለ። ጉንጩን ያየ ሁሉ «ተመችቶታል» ይላል። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። በልጅ ሻይ ላይ 8 ማንኪያ ስኳር የምትገለብጥ እናት ብታዩ ምን ትሏት ነበር?

እናንተ የደሴና የኮምቦልቻ አባቶች፣ ማታ ብስኩት አንጠልጥሎ መግባት ይብቃችሁ። በዚያው ብር ከሰኞ ገበያ እንቁላል ያዙ። አያቶች ደግሞ፣ ምራቶቻችሁን «አከሳሽው» እያላችሁ አታሳቅቁ። ልጁ እውነት ካሳሰባችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ክብደቱን ብቻ መዝነው ሊመልሷችሁ ከሆነ «ቁመቱስ?» በሉ። ቁመቱ ሳይታወቅ ከሳ ወፈረ ማለት ግምት ነው።

የዚያን ዕለቱ ልጅ ብስኩቱን ለድመቷ ወርውሮ ወደ ደጅ ሮጠ። በረካው ሲቀዳ አያቱ ገና «አልበላም እኮ» እያሉ ነበር።