መብራት የማይጠፋበት ጎረቤት

የድሬዳዋ ሰው ፀሐይን የሚያውቃት ከጥላ ሥር ሆኖ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች በመሆኗ የዕለት ኑሯችንን የሚያዝዘው ሙቀቱ ነው፤ ከዚራ የተባለችው ሰፈር በዛፎቿ መወደዷም ሆነ ሱቆች በቀትር መዘጋታቸው፣ በርጫውም፣ ማለት ጫት የሚቃምበት ጨዋታ፣ ከምሳ በኋላ መሆኑ፣ ሁሉም ከፀሐይ ለመሸሽ የተበጀ ሥርዓት ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕዝብ «ፀሐይን ጣሪያህ ላይ የሚቀበልልህ ዕቃ ግዛ» ብሎ መምከር፣ አበዳሪውን በጓሮ በር ሲሸሽ የኖረን ሰው «ነገ ምሳ ጋብዘው» እንደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው፣ ሶላር የሚባለው፣ መጥቷል፤ ታይዋን ገበያ ከሽቶውና ከብርድ ልብሱ አጠገብ ተደግፎ ቆሟል፣ አንዳንዱ ቆርቆሮ ላይም ወጥቶ ማብረቅረቅ ጀምሯል። ሰፈሩም ስለ እርሱ አቋም ይዟል። የድሬ ሰው አቋም ለመያዝ መረጃ እስኪመጣለት አይጠብቅም።

መብራት ሲጠፋ የሰፈራችን ሰው ሻማ ከመፈለጉ በፊት በር ላይ ይወጣና የጎረቤቱን መስኮት ያያል። ጎረቤቱም በዚያው ሰዓት ወጥቶ የእርሱን መስኮት እያየ ስለሚያገኘው «የእናንተም ጠፋ?» «ጠፋ!» ይባባላሉ፤ ሁለቱም እፎይ ይላሉ። ከመንገዱ ማዶ በርቶ ከታየ ግን ነገሩ ይከፋል። «የጠፋው የእኛ ፌዝ (የእኛ መስመር) ብቻ ነው» ይባላል፤ ማዶ ያሉት ሰዎች ያለጥፋታቸው ይታማሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ የሚያውቀው ባለሥልጣን እንዳለ በእርግጠኝነት ይነገራል። ሰፈሩ በሙሉ እኩል ጨልሞ ያመሸ እንደ ሆነ ግን ወንበር ይወጣል፣ ሻሂ ይፈላል፣ በአጥር ተጣልተው የከረሙ ሰዎች ሳይቀሩ አብረው መብራቱን ያማሉ። ሶላር የመጣው ይህን እኩልነት ሊያፈርስ ነው። ሁሉም በጨለመበት መንደር ውስጥ አንድ ቤት ብቻ አምፖሉን አብርቶ እራቱን ሲበላ ምን ዓይነት ጎረቤት ይባላል?

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚነሣው በርጫ ላይ ነው፤ የሚነሣውም በአገር ፍቅር ስም ነው። «ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የመረቅነው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ቦንድ የገዛሁበት ወረቀት እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ አንተ ደግሞ ቆርቆሮህ ላይ መስተዋት ትሰቅላለህ?» ይላል አንዱ፣ ሶላር የገዛ ሰው ግድቡን የካደ ይመስል። ሌላው ይቀበልና ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኃይል ወደ ጅቡቲ የሚሻገርበት ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር የሚነሣው ከዚሁ ከድሬዳዋ እንደ ሆነ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡርም በኤሌክትሪክ እየተጎተተ በከተማችን ዳር እንደሚያልፍ ይተርካል። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። እኔን ግን ይህን ክርክር በሰማሁ ቁጥር የምታሳዝነኝ በሰፈራችን ማዕዘን፣ በሁለት የእንጨት ምሰሶዎች መካከል የተቀመጠችው ትራንስፎርመር ናት። ግድቡ ያለው ሩቅ፣ ጉባ ነው፣ መስመሩ የሚያልፈው በላያችን ነው፤ ሰፈሩ በአንድ ሰዓት ምጣዱን ሲጥድና ፍሪጁን ሲሰካ እሳት የምትተፋው ግን እርስዋ ናት። ኃይል ማመንጨትና ኃይልን ቤት ድረስ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን በርጫ ላይ ለማስረዳት የሞከረ ሰው «ኢንጂነር» የሚል ስም ይወጣለትና ውኃ እንዲያመጣ ይላካል።

ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ግን የቤቱ ሐሳብ ይገለበጣል። የአወዳይ ጫት ሥራውን ሲጀምርና ምርቃናው ሲመጣ፣ ቅድም በግድቡ ሲምል የነበረው ሰው የከተማውን ጣሪያ ሁሉ በሶላር ይሸፍነዋል፤ ጣሪያው ሲያልቅበት አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚውለውን የደቻቱን ወንዝ ከዳር እስከ ዳር በፓኔል ያነጥፈዋል፤ የአይሻን ነፋስ በጎን ይጨምርበትና ትርፉን ለጅቡቲ ይሸጣል፤ ጅቡቲም በዶላር፣ በዕለቱ ትከፍላለች። የ1998ቱን ጎርፍ በዓይናቸው ያዩ አንድ አዛውንት «ደቻቱን ተዉት ልጆቼ፤ እርሱ ተኝቷል እንጂ አልሞተም» ሲሉ ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ፓኔሎቹ በሙሉ ወደ ተራራው እንዲዛወሩ በአንድ ድምፅ ይወሰናል። ማኅበር ይቋቋማል፣ ሊቀ መንበር ይመረጣል፤ ገንዘብ ያዡ ማን ይሁን በሚለው ላይ ክርክሩ ሳያልቅ ይመሻል። ሲመሽ ከማኅበሩ የሚተርፈው ሀብት የጫቱ ትራፊ፣ ገራባው ብቻ ነው፤ እርሱንም የሰፈሩ ፍየሎች ይረከቡታል።

ዋናውን ጥያቄ የሚያነሡት ገበያ የሚወጡት እናቶች ናቸው። ሻጩ ፓኔሉን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «እናቴ፣ ይኼ 400 ዋት ነው፤ አምፖል ያበራል፣ ቴሌቪዥን ያሳያል፣ ስልክ ይሞላል፣ ቬንቲሌተር ያዞራል» ብሎ ሲዘረዝር እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ይሰሙትና «እንጀራስ ይጋግራል?» ይሉታል። ሻጩ ለአፍታ ወደ ሰማይ ያይና «ኢንሻአላህ!» ይላል። የሻጩን እምነት አላማም፤ ስሌቱ ግን እንደ እምነቱ የተመቸ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ስለዚህ በቀጥታ ለማስነሣት በጠራ ቀትር እንኳ እንደዚህ ያሉ ዘጠኝ ፓኔሎች ያስፈልጋሉ። በእኛ አካባቢ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ይወርዳል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ፓኔል ሲለፋ ውሎ የሚያስገባው 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሞላ ነው። ምጣዱ ይህን በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ሊጡ ገና ከወገቡ አልጎደለም። በዚህ ላይ በጀርባው የተጻፈው ዋት የተለካው ፓኔሉ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ሳለ ነው፤ የድሬዳዋ ቆርቆሮ በቀትር 25 ዲግሪ የሚሆነው በሕልም ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ በሚጨምር በእያንዳንዱ ዲግሪም ከመቶ 0.4 ያህል ኃይል ይቀንሳል። ፓኔሉ ብርሃን ይወድዳል፣ ሙቀት ይጠላል፤ በዚህ ረገድ እውነተኛ የድሬ ልጅ ነው። እናትየው ይህን ሁሉ ሒሳብ ማንም ሳያስተምራቸው በአንዲት ጥያቄ ደርሰውበታልና ከሰላቸውን ገዝተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ነጋዴው የሚመዝነው በሌላ ሚዛን ነው። ሳቢያን አካባቢ ጁስ ቤት ያላት አንዲት ወይዘሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሯን ታስነሣለች፣ ለእርሱም ቤንዚን በጀሪካን ታስቀዳለች። በየቀኑ የሚወጣ ገንዘብ በእኛ ዘንድ ወጪ አይባልም፣ ኑሮ ነው የሚባለው፤ ወጪ የሚባለው በአንድ ጊዜ የሚወጣው ብቻ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ መሄድ ሲጀምር ግን ሐሳቧ ወደ ሶላር አዘነበለ፤ ዕቁብም ደረሳት። ብሩን ይዛ ሰው አማከረች። «ጄኔሬተር ለሰርግ ይከራያል፤ ሶላር ለማን ሰርግ ይከራያል? ሰርግ የሚደምቀው ማታ ነው» አሏት። ምክሩ ከበዳትና በዕቁቡ ሁለተኛ ፍሪጅ ገዛች፤ አሁን መብራት ሲጠፋ የሚጠፉባት ፍሪጆች ሁለት ሆነዋል።

ፍርዷ ሁሉ የስንፍና ነው እንዳይባል ግን የአከራይዋን ነገር መናገር ይገባኛል። ፍሪጁን ከመግዛቷ በፊት ሄዳ «ጋሼ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ልሰቅል አስቤ ነበር» ብላቸዋለች። «ጣሪያውን አከራይቼሻለሁ እንዴ?» አሏት። ውሉ ወጥቶ ሲነበብ እውነትም የተጻፈው «አንድ ክፍል ሱቅ ከነ በሩና ከነ መስኮቱ» የሚል ነው፤ ስለ ጣሪያ አንድም ቃል አልተጻፈበትም። እርሷ ከጣሪያው በታች ተከራይታ ስትኖር ጣሪያው ለካ በዝምድና ነበር የቆየው። «ለመሆኑ ፀሐዩ የሚወርደው በማን ቆርቆሮ ላይ ነው?» ብለው ጠየቋት፤ በእርሳቸው ላይ መሆኑን አመነች። እንግዲያው የጣሪያ ኪራይ ለብቻው እንድትጨምር፣ ቤቱን የለቀቀች ዕለት ደግሞ ሶላሩ ከቤቱ ጋር እንዲቀር ሐሳብ አቀረቡ። «የምተነፍሰው አየርስ ጋሼ?» ስትላቸው «የአየሩን አስቤበት እነግርሻለሁ» አሉ፣ ሳይስቁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ነገሩ በሌሎችም አገሮች ያለ ቋጠሮ ነው፤ የጣሪያው ባለቤት የመብራት ሒሳብ አይከፍልም፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ደግሞ ጣሪያ የለውም። የቀበሌ ቤት የሆነ እንደ ሆነ ጉዳዩ በደብዳቤ ይሄዳል፤ ስለ እርሱ ሌላ ቀን።

ገንደ ቆሬ ያለው ፀጉር አስተካካይ ከዚህ ሁሉ የተረፈው የሚሠራበት ቤት የአባቱ ስለ ሆነ ነው። ፓኔል ሰቀለ፣ የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲስማማ የሚቀይረውን ኢንቨርተር ገዛ፣ ባትሪም አመጣ። የባትሪ ነገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ እያጠረ ይሄዳል፤ የፀሐይን ኃይል የሚያጠራቅመውን ዕቃ የምትገድለው ራሷ ፀሐይ ናት ማለት ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ባትሪውን በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ቀዝቃዛ በሆነው ስፍራ፣ በተራ ጠባቂዎች አግዳሚ ወንበር ሥር አስቀመጠው፤ ለደንበኞች የተገዛውንም ቬንቲሌተር አንገቱን ሰብሮ ወደ ባትሪው አዞረው። ዛሬ እዚያ ቤት ተራ የሚጠብቅ ሰው ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ ከእግሩ ሥር የሚነፍሰውን ነፋስ በቅናት ያዳምጣል። ቀና ብሎ ነፋሱ ወደ እርሱ እንዲዞር የጠየቀ ደንበኛ «አቦ፣ አንተ ታገግማለህ፤ እርሱ ከሞተ ሌላ መግዣ የለኝም» የሚል መልስ ተሰጥቶታል።

የሰፈሩ ፍርድም ወዲያው ተሰጠ። በመጀመሪያ «ከጅቡቲው መስመር ጠልፎ ነው» ተባለ፤ ይህ ሐሜት በጊዜው ለልጁ ትልቅ ክብር አስገኝቶለት ነበር። ቀጥሎ ስልኮች መጡ። መብራት በጠፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ አብሮ አደጎቹ፣ የእናቱ ጓደኞች፣ የአስተማሪው ልጅ፣ ሁሉም ቻርጀራቸውን በመዳፋቸው ይዘው «አንድ አምስት በመቶ ብቻ» እያሉ ይገባሉ፤ ቃሉን ጠብቆ በአምስት በመቶ የነቀለ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። ከዚያም ለቅሶ ሆነ። ድንኳን ተተክሎ ሌሊቱን መብራት ሲጠፋ የእድሩ ሰዎች ገመዳቸውን ይዘው መጡ፤ በለቅሶ ቤት ማን እምቢ ይላል? የጎዳናው ማዶ አፎሻም፣ ማለት የሙስሊም ጎረቤቶቻችን እድር፣ በተራው ገመድ ይዞ መጣ፤ እድሩን አስተናግዶ አፎሻውን መመለስ ደግሞ በድሬዳዋ አይቻልም። አሁን ሶላሩ ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚዎቹና ከብረት ድስቱ ጋር አብሮ የሚታሰብ የጋራ ንብረት ሆኗል፤ ባትሪው ሲሞት መዋጮ ይኖር እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን የእድሩ ጸሐፊ «ንብረትነቱ የግለሰብ ነው» ብለው በአጭሩ መልሰዋል።

ይህንን ሁሉ ልጁ ችሎት ነበር፤ ያልቻለው የሒሳቡን ነገር ነው። በጄኔሬተሩ ዘመን መብራት ሲጠፋ በእያንዳንዱ ጭንቅላት ላይ አሥር ብር ይጨምር ነበር፣ ያጉረመረመም ደንበኛ አልነበረም፤ ጩኸቱ ይሰማል፣ ጭሱ ይሸታል፣ ሰውየው ቤንዚን እያቃጠለለት መሆኑን በጆሮውና በአፍንጫው አረጋግጦ ይከፍላል። በሶላር ያንኑ አሥር ብር ሲጠይቅ ግን ሰፈሩ ተነሣ። «ፀሐይ የፈጣሪ ናት፤ ደግሞ በእርስዋም ልታስከፍለን ነው?» አሉት። ፓኔሉ በብድር መገዛቱን፣ ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደሚቀየር ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም፤ እንዲያውም አንዱ «ዛሬ ፀሐዩ ጠንካራ ነበር፤ ቀንስልን እንጂ» ብሎት ሄደ።

ልጁ አንድ ሳምንት ያህል ካሰበ በኋላ አሮጌውን ጄኔሬተር ከጓዳ አውጥቶ በሩ ላይ አስቀመጠው። መብራት ሲጠፋ ገመዱን ይስብና ያስነሣዋል፤ ከእርሱ የሚወጣው ሽቦ በግድግዳው ቀዳዳ ይገባና ውስጥ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ተቋጥሮ ይቀራል፤ ከምንም ዕቃ ጋር አልተያያዘም። የፀጉር ማሽኑ በባትሪው ይሠራል፣ አምፖሉ በባትሪው ይበራል፣ ውጭ ያለው ሞተር ደግሞ ለጆሮና ለአፍንጫ ብቻ ይንጫጫል። በጣም ትንሽ ቤንዚን ነው የሚፈልገው፤ አሥር ብሩም ተመልሷል። ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት «ቤንዚን እንዴት አድርጎሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል፣ ልጁም ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዳንዱ አዝኖለት ተጨማሪ አምስት ብር ይተውለታል። ስልክ የሚያስሞሉትም ቀንሰዋል፤ የሰው ቤንዚን በነጻ መጠቀም ነውር ነውና።

የጁስ ቤቷ ወይዘሮ ነገሩን ሰምታ ባለፈው ልጁ ዘንድ መጥታ ነበር። ወደ ፊት ጣሪያው ቢፈቀድላት እርስዋም ሶላሩን ትሰቅላለች፤ የእርስዋ ጄኔሬተር ግን በጣም ቤንዚን ስለሚበላ፣ የእርሱን ድምፅ ብቻ በወር ስንት እንደሚያከራያት ልትጠይቀው ነው የመጣችው። በዋጋ አልተስማሙም።