«ከምግብ በኋላ» ጨጓራን አያድንም

ሰሞኑን በአንድ የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረቡ ባለሙያ «የህመም ማስታገሻ ከምግብ በኋላ ከተወሰደ ጨጓራን አይጎዳም፤ ባክቴሪያ መመርመርም ትርፍ ወጪ ነው» ሲሉ ተደመጡ። አዘጋጁም አንድ ጥያቄ ሳያነሳ አለፈው። እንዲህ ያለ ምክር ሰው ያደማል።

እንደ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ናፕሮክሲን ያሉ ማስታገሻዎች በዋናነት የሚያቆስሉት እንክብሉ የጨጓራን ግድግዳ ስለነካ አይደለም፤ ከደም ውስጥ ሆነው ነው። የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያግዳሉ። እሱ ሲጎድል አሲዱን የሚመክተው ንፍጥና ባይካርቦኔት ይቀንሳል፣ ወደ ግድግዳው የሚደርሰው ደምም ያንሳል። ዳይክሎፌናክን በመርፌ የሚወስድ ሰው እንኳ ከቁስለት የማያመልጠው ለዚህ ነው። ምግብ ማቃጠሉን ያበርድ ይሆናል፤ ቁስለቱን ግን አያስቀርም። እንዲያውም ህመምተኛው ደህና የሆነ መስሎት ይቀጥልበታል።

በዚህ ላይ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ሲጨመር ያንኑ የሳሳ ግድግዳ በብግነት ይበላዋል። በ2002 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የጥናቶች ድምር ትንተና፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱም ያለባቸውን ሁለቱም ከሌሉባቸው ጋር ሲያነጻጽር የመድማት ዕድላቸው 6 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። «ትርፍ ወጪ» የተባለው ምርመራ ምን እንደሚያድንም በሆንግ ኮንግ ታይቷል፦ ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች መካከል ዳይክሎፌናክ ከመጀመራቸው በፊት ሳይታከሙ የቀሩት በ6 ወር ውስጥ 34 በመቶ ያህሉ ሲቆስሉ፣ ከታከሙት ግን 12 በመቶ ያህሉ ብቻ ቆሰሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ቁም ነገሩ «ከመጀመራቸው በፊት» የሚለው ነው። መድኃኒቱን ለወራት ሲወስድ ለኖረ ሰው ጥቅሙ ያንሳል። ስለዚህ ማስታገሻውን ለረጅም ጊዜ የሚያዝ ሐኪም፣ በተለይ ለአረጋውያንና ቀድሞ ቁስለት ለነበራቸው፣ አስቀድሞ ያስመርምር። ምርመራውም የሰገራ አንቲጂን (የባክቴሪያውን ፕሮቲን በሰገራ ውስጥ የሚፈልግ) ወይም የትንፋሽ ይሁን፤ የደም ምርመራ የድሮውን ኢንፌክሽን ከአሁኑ አይለይም። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ከ4 ሳምንት በፊት ካልቆመ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ነው። ህመሙ ቀለል ሲል በአምስተኛው ቀን ማቋረጥ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ማሳደግ ነው። ከጨረሱ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶም መጥፋቱ ይረጋገጥ።

ከዚህ ቀደም ደምቶ ለሚያውቅ ደግሞ ባክቴሪያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ናፕሮክሲን ከቀጠሉ እንዲህ ያሉ ታካሚዎች፣ ባክቴሪያው ብቻ ከታከመላቸው 18.8 በመቶው በ6 ወር ውስጥ ዳግም ሲደሙ፣ ኦሜፕራዞል ከወሰዱት ግን 4.4 በመቶው ብቻ ደምተዋል። ለእነዚህ ባክቴሪያው ይጥፋ፣ ኦሜፕራዞሉም ማስታገሻው እስካልቆመ ድረስ አይቋረጥ።