በዘይት ቱቦው ውስጥ የተሰካው ምስማር

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ጉድለቱንም አብሮ እንደሚገዛ አውቃለሁ። አሮጌ ሞተር ሳይክል ለመግዛት ስነሳም ጎማው ሊያልቅ፣ ፍሬኑ ሊላላ፣ መብራቱ ሊደክም እንደሚችል አስቤ፣ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ከደሞዜ በጥቂት በጥቂቱ አስቀምጬ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። በሞተሯ ላይ ምን እንደተደረገ አብጠርጥረው የሚያውቁ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ቁልፉን አስረከቡኝ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በኮረኮንች የሚገባበት ቀበሌ ውስጥ ይገኛል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆንና ባጃጅ እሺ አይልም፤ በእግር ደግሞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠኛል። ስለዚህ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የምትሆን ሞተር ሳፈላልግ ቆይቼ፣ በመጨረሻ አንዲት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 አገኘሁ። ያማሃ የዚህን ዘር ቀዳሚ፣ ዲቲ 1 የተባለውን ሞተር፣ በፈረንጆች 1968 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ እነዚህ ሞተሮች ዓለምን ያዳረሱ ናቸው። የዲቲ 125 የፊት ጎማ 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ኢንች ነው፤ ቀላል ናቸው፣ ከመሬት ከፍ ይላሉ፣ ድንጋይ ላይ አይደናገጡም። በእኛም አገር ስንቱን የግብርና ባለሙያና የጤና ሠራተኛ መኪና በማይደርስበት ቦታ እንዳደረሱ የገጠር ሰው ያውቀዋል። ምርጫዬ ትክክል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ።

ደላላው «ሞተሯ ንጹሕ ናት፤ ቁልፍ ነክቷት አያውቅም» አለኝ። ሻጩም አጠገቡ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። ሊብሬውን አየሁ፣ የሻንሲ ቁጥሩን አመሳከርኩ፣ ቦሎው እንዳላለፈ አረጋገጥኩ፣ ተፈራርመን ተለያየን።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ፤ ብሶቴ በሙሉ የሚንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና። ዲቲ 125 ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ነው። በባለ አራት ስትሮክ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከሥር ተጠራቅሞ ይቀመጣል። በባለ ሁለት ስትሮክ ግን ቤንዚኑና አየሩ በዚያው በሞተሩ ሆድ ውስጥ ስለሚያልፉ ዘይት በዚያ ማጠራቀም አይቻልም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ አብሮ መቃጠል አለበት። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዘይቱን በእጅ እየለኩ ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅሎ መሙላት ነው። ሁለተኛው ያማሃ ከ1960ዎቹ ጀምሮ «አውቶሉብ» እያለ የሚጠራው ዘዴ ነው፤ ዘይቱ በራሱ ታንክ ተቀምጦ፣ ጋዝ በተሰጠ ቁጥር ትንሽ ፓምፕ እየመጠነ ወደ ሞተሩ ይልከዋል። የእኔዋ በሁለተኛው መንገድ የተሠራች ናት። ይህንን ከመግዛቴ በፊት አንብቤዋለሁ፤ ደህና ዘይት ገዝቼ የዘይቱን ታንክ ራሴ ሞላሁ፤ የቤንዚኑንም ታንክ በንጹሕ ቤንዚን ሞላሁ። በሦስተኛው ቀን ዘይቱን ስመለከት ዝቅ አላለም። ጀማሪ ነኝና ዘይት የማትበላ ጤነኛ ሞተር ደረሰችኝ ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከወንዙ በላይ ያለውን ዳገት አጋምሼ ድምፅዋ ተለወጠ። የብረት ሲጢጥታ የመሰለ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ጉልበቷ ወረደ፤ ወዲያው የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፍሪሲዮኑን ጨብጬ ባልይዝ ኖሮ ኮረኮንቹ ላይ ተዘርግቼ ነበር። ማስነሻውን ብረግጠው ንቅንቅ አላለም። ሞተሩ ላይ የወደቀው የካፊያ ጠብታ ጭስ እያለ ይተን ነበር። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ገፍቼ ከተማ ስገባ መሽቷል።

የወሰድኳት ዕድሜ ጠገብ ወደሆኑ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ እያለ ወደሚጠራቸው መካኒክ ነው። በማግስቱ የጎኗን ክዳን ሲፈቱ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ነበር። ከዘይቱ ታንክ የሚወርደውን ቀጭን ቱቦ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አቀረቡት። ቱቦው ከፓምፑ ላይ ተነቅሏል። ጫፉ ላይ የፌስታል ቁራጭ የተጠመጠመበት አጭር ምስማር ተሰክቶ፣ በላዩ በቀጭን ሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ምስማሩ ዝጓል፤ የከረመ ሥራ ነው። ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው «ቀላቅለህ ነበር የምትሞላው?» አሉኝ። አለመቀላቀሌን ስነግራቸው ቱቦውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡትና ዝም አሉ።

ፓምፑን መድፈን በራሱ ወንጀል ነው አልልም። ፓምፕ ሲደክም መለዋወጫው ስለማይገኝ ቱቦውን ደፍኖ በድብልቅ መንዳት የታወቀ መፍትሔ ነው፤ ሞተርም በድብልቅ ዓመታት ይሠራል። እኔን ያቃጠለኝ ዝምታው ነው። የደፈነውን መካኒክ አፈላልጌ ሳገኘው «ለባለቤቱ ያኔውኑ ነግሬዋለሁ» አለኝ። ሻጩ ጋ ስደውል «አልጠየቅኸኝም» አለኝ። ደላላው ደግሞ «ሁሉም ሰው ያውቀዋል እኮ» አለ። እስኪ አስቡት! አንድ ጀማሪ የማያውቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? «ከዘይት ቱቦው ውስጥ ምስማር አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዥ የት አገር ነው ያለው? እኔ የቻልኩትን ጠይቄያለሁ። ሞተሯ ተነክታ ታውቃለች ወይ ብዬ ጠይቄ፣ አታውቅም ተብያለሁ። ይህ መርሳት አይደለም፤ ዋጋው እንዳይወርድ ሲባል የተነገረ ውሸት ነው፤ ዳገቱ ላይ ፊት ለፊት መኪና እየመጣብኝ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ሌላ ነበር።

ሲሊንደሩ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ዝምታ ወጣ። ጋሼ በውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰውን ፒስተን አናቱን በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ሲጠርጉት ከጥላሸቱ ሥር «75» የሚል ቁጥር ብቅ አለ። የዚህች ሞተር ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ነው። በተበላ ቁጥር በሩብ ሚሊ ሜትር እየተሰፋ ትልቅ ፒስተን ይገባለታል፤ 56.25፣ 56.50፣ 56.75 እያለ 57 ላይ ያበቃል። ስለዚህ «ቁልፍ ነክቷት አያውቅም» የተባለችው ሞተር እስከ ሦስተኛው ልክ ድረስ ተሰፍታ፣ የቀራት አንድ ዕድል ብቻ ነበር። እሱንም እኔ በሦስት ቀን ጨረስኩት።

ቶርኖ ቤት የሚሄደውን ሲሊንደር በካርቶን አሽጌ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ፒስተን ፍለጋ ሶማሌ ተራንና መርካቶን ስዞር ዋልኩ። የቦክሰርና የአፓቼ ሞተሮች ዕቃ በየሱቁ ተደርድሯል፤ ለዲቲ ሲሆን ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ አንዱ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ማሸጊያው ያማሃ የሚል ፒስተን ከነፋሻው፣ ማለትም ዙሪያውን ከሚገባው የብረት ቀለበት ጋር፣ ሸጠልኝ። ጋሼ ካርቶኑን ከፍተው ፋሻውን ባዶ ሲሊንደር ውስጥ አስገብተው ሲለኩት ክፍተቱ ከሚገባው በላይ ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ሻጩ ሊክድ አልሞከረም፤ «ኦርጅናሉን ከፈለግክ መጀመሪያውኑ ኦርጅናሉን በል» አለኝና በእጥፍ ዋጋ ሌላ አወጣ። ኦርጅናል ብሎ የሸጠልኝ እሱ ራሱ መሆኑን ሳስታውሰው ትከሻውን ሰበቀ። በሁለት ጉዞ፣ በፒስተንና በቶርኖ ያወጣሁት ገንዘብ የሁለት ወር ደሞዜን በላ።

ስለ ብሎኖቹም ሳልናገር አላልፍም። የጎን ክዳኖቿን የያዙት ብሎኖች ጭንቅላታቸው ባለ መስቀል ነው፤ የጃፓኑ መስቀል ግን በየሱቁ ከምናገኘው ካቻቢቴ ጋር በልክ አይገጥምም። ገፋ ተደርጎ ሲጠመዘዝ ካቻቢቴው እየሾለከ ይወጣና መስቀሉን ይበላዋል። ከእኔ በፊት የነበሩት መካኒኮች መስቀሉን ከበሉ በኋላ በመሮና በመዶሻ እየመቱ አዙረውታል። ካሉት ብሎኖች በደህና ጭንቅላት የተፈታ አንድም አልነበረም። ጋሼ ግማሽ ቀን ሙሉ እያሞቁ፣ እየነካኩ፣ በትዕግሥት አወጧቸው። አንድ ብሎን መቀየር ያልፈለገ ሰው የሌላውን ሰው ግማሽ ቀን እንደወሰደ መቼም ትዝ አይለውም።

ሌላው ያንገበገበኝ ጀማሪ ሰው የሚታይበት ዓይን ነው። ከጋሼ በፊት፣ ሞተሯ ገና ሳትቆምብኝ፣ ሁለት ጋራዥ ሞክሬ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ ይህ ምንድን ነው፣ ይህስ ለምን ተፈታ ብዬ ስጠይቅ «መምህር፣ አንተ ሻይ ጠጣና ተመለስ፤ እኛ እንሠራዋለን» ነበር መልሳቸው። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ቤንዚኑንና አየሩን የሚቀላቅለው ካርቡራተር አካሉ በሙሉ ተለዋውጧል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያው ቤንዚን ይበዛል፤ ሞተሯ ታፍናለች፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያሳልፈውን የናስ ቀዳዳ ትንሽ ጠበብ ባለ መቀየር ነው። እነሱ ግን ጉልበት ይጨምራል ብለው ቀዳዳውን በመርፌ አስፍተውታል። የስፋቱ ቁጥር በላዩ እንደተጻፈ አለ፤ ቀዳዳው ግን ከቁጥሩ ጋር አይገናኝም። ከእኔ በኋላ የሚገዛት ሰው ቁጥሩን አምኖ ሲሠራ ለወራት ይሞኛል።

ለማሻሻል ያሰብኳቸው ነገሮች ጥቂት ነበሩ። ለዳገቱ እንዲረዳ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የኋላውን ጥርስ በሁለት ጥርስ ከፍ ባለ አስቀየርኩ፤ ፍጥነቷ ትንሽ ቀንሶ ጉልበት አገኘች፤ በዚህ ደስተኛ ነኝ። ለብርሃኑ ግን ስለ ቮልቱ ሳልጠይቅ አልቀረሁም፤ አምፖል ሻጩ ግን «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ የ12 ቮልት አምፖል ሰጠኝ። የእኔዋ ባለ 6 ቮልት ናት፤ አምፖሉ እንደ ጧፍ ጭል ጭል ከማለት አላለፈም። የኋላ ጎማዋም ስፋቱ መሆን የነበረበት 4.10 ኢንች ሆኖ ሳለ ከአስፋልት ሞተር የተወሰደ ቀጭን ጎማ ነበር የተገጠመላት፤ ጭቃ ላይ ለምን እንደምትሸሽ የገባኝ ጎሚስታው ከጎማው ላይ ያለውን ቁጥር ካነበበልኝ በኋላ ነው።

ሞተሯ አሁን ትነሳለች። ድምፅዋ ያምራል፤ ጋሼም አዲሱ ፒስተን እስኪለማመድ ጋዝ እንዳላበዛ አስጠንቅቀውኛል። የዘይት ፓምፑ ግን ስላልተገኘ ምስማሩን በትክክለኛ መድፈኛ ቀይረን በድብልቅ እየነዳሁ ነው፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት። ሞተር የምትሸጡ፣ የምታሻሽጡና የምትጠግኑ ወንድሞቼ፣ የሠራችሁትን ተናገሩ። የደፈናችሁትን፣ ያሰፋችሁትን፣ ከሌላ ሞተር ነቅላችሁ የገጠማችሁትን ለሚረከበው ሰው ንገሩት። ዋጋው ቢወርድ የሚወርደው ብር ነው።

እኔ ትናንት ማታ ነጭ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ገዝቼ በቤንዚን ታንኩ ክዳን ዙሪያ «ዘይት ተቀላቅሎ ይሞላ» ብዬ ጻፍኩ። ከመቀመጫው ሥር ደግሞ ሲሊንደሩ 57 መድረሱን፣ ከዚያ በላይ እንደማይሰፋ፣ የካርቡራተሩ ቀዳዳ በመርፌ መነካቱን ጽፌ በላስቲክ ጠቅልዬ አስሬያለሁ። ቀለሙ እስኪደርቅ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።