እነሱ ዘመድ ይፈልጋሉ፣ እኛን ዘመድ ይፈልገናል

ሚኒሶታ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። እዚህ ግዛት ያገኛችሁት ፈረንጅ ሁሉ "ቅድመ አያቴ ከኖርዌይ ነው የመጣው" ይላችኋል። ውሸት አይደለም። ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የኖርዌይ ዘር በብዛት ያለው እዚህ ነው። ክረምቱ ሳይገባ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት በየሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ተሰልፈው ሉተፊስክ የሚሉትን፣ ተዘፍዝፎ ተዘፍዝፎ የሚንቀጠቀጥ የደረቀ ዓሣ ከፍለው ይበላሉ። አንዴ ቀምሼዋለሁ። ይቅርባችሁ።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴትዮ ደግሞ ዘመድ ፍለጋ ይዟታል። ምሳ ሰዓት ሁላችን ስልካችን ላይ ስናፈጥ እሷ ኮምፒውተሯን ከፍታ ከመቶ ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎችን ስም ታገላብጣለች። መጀመሪያ ሥራ ፈትነት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጠርታ ያሳየችኝ ነገር ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

እ.ኤ.አ. የ1865 የኖርዌይ ሕዝብ ቆጠራ ነው። የቅድመ አያቷ አባት መሬት የሌለው ጭሰኛ ነበር። በሰው እርሻ ጥግ ጎጆ ቀልሶ፣ በጉልበቱ እየከፈለ የሚኖር። ስሙ አለ፣ የሚስቱ ስም አለ፣ የልጆቹ ስምና ዕድሜ፣ የተወለዱበት ደብር አለ። ከጎኑ ደግሞ አንዲት ላሙ፣ በጎቹ፣ ለዘር ያዋለው ድንች ሳይቀር ተጽፏል። የጭሰኛ ላም! በዚያ ዓመት እኛ ዘንድ አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል አስረው ተቀምጠዋል። ያንን እናውቃለን። በዚያው ዓመት የኔ ቅድመ ቅድመ አያት ላም ነበረው ወይስ አልነበረውም? ስሙንስ ማን ያውቃል?

ይህ ሁሉ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ነው የተቀመጠው። የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የቆጠራውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን፣ የስደተኛውን መዝገብ ፎቶ እያነሳ አውጥቶታል። ፖሊስ ከ1867 ጀምሮ ከክርስቲያንያ ወደብ፣ ማለት ከዛሬዋ ኦስሎ፣ የሚሳፈረውን እየመዘገበ ነበር። ቄሱ ማን ተጠመቀ፣ ማን ተዳረ፣ ማን ሞተ ብቻ አይደለም የሚጽፈው። ማን የፈንጣጣ ክትባት ተከተበ፣ ማን ደብሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ሄደ፣ እሱንም ይጽፋል። ለፍቅር ብለው እንዳይመስላችሁ። መንግሥት ሰዉን ለመቁጠርና ለመቆጣጠር ነው። ግን ይኸው፣ ከመቶ ምናምን ዓመት በኋላ ለልጅ ልጅ ልጅ ደረሰ።

እሷን ያስቸገራት ስሙ ነበር። የሃንስ ልጅ ኡሌ፣ ኡሌ ሃንሰን ይባላል። የኡሌ ልጅ ላርስ፣ ላርስ ኡልሰን። ሴት ልጁ ኡልስዳተር። ሴቲቱ ብታገባም የአባቷን ስም አትጥልም። በዚያ ላይ የሚኖሩበትን እርሻ ስም ይጨምሩበታል፤ ሌላ እርሻ ከሄዱ ያም ይቀየራል። በሕግ ሁሉም አንድ ቋሚ የቤተሰብ ስም ይያዝ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ባልደረባዬ "እንዴት ያለ ውጥንቅጥ ነው" ብላ ራሷን ስትይዝ ሳቄ መጣ። እህቴ፣ ይሄ እኮ የእኛው ነው! ወረቀት አውጥቼ የራሴን፣ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የሚስቴንና የልጆቼን ስም ጻፍኩላት። ወዲያው ገባት።

ገባት እንጂ ታዲያ ምን ያደርጋል። የሷ አያቶች በዚህ አልፈው፣ የልጅ ልጆቻቸው ቢሮ ሲቀመጡ ረስተውት እኛን ያሰቃዩናል። እኔ ቤት ሦስት "የቤተሰብ ስም" አለ። ሚስቴ የአባቷን፣ እኔ የአባቴን፣ ልጆቼ የኔን ስም ይዘዋል። ልጄን ታምሞ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ እንግዳ ተቀባይዋ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። "ከልጁ ጋር ያለህ ግንኙነት ምንድን ነው?" አባቱ ነኝ! "እናቱ የለችም?" አለችኝ። አለች፣ መኪና እያቆመች ነው! እሷም ስትገባ ሌላ ስም። ልጁ በትኩሳት እየነደደ እኛ ዘር ቆጠራ ላይ ነን። የሚገርመው የጠያቂዋ ስም መጨረሻው "ሰን" ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ዋናው ቁልፍ የደብሩ ስም ነው አለችኝ። ኡሌ ሃንሰን ብሎ መፈለግ ኢንተርኔት ላይ "አበበ ከበደ"ን ለማግኘት እንደመድከም ነው። የደብሩን ስም ያገኘችው እዚሁ ሚኒሶታ፣ ቅድመ አያቷ በገባበት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ነው። ከዚያ ኖርዌዮቹ በየወረዳው የተጻፈ፣ የእያንዳንዱን እርሻ ባለቤት ከጥንት ጀምሮ የሚዘረዝር መጽሐፍ አላቸው። እሱን ተከትላ ቁልቁል ወረደች፤ እዚያው ኖርዌይ የቀረው ወንድም ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ እያለ በሕይወት ያሉ ሰዎች ላይ ደረሰች።

ማኅበርም አላቸው። ኖርዌይ ውስጥ ያለው የቫልድረስ ሸለቆ ተወላጆች እ.ኤ.አ. በ1899 እዚሁ ሚኒያፖሊስ ሚኒሃሃ ፓርክ ተሰብስበው የአገር ልጆች ማኅበር መሠረቱ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። እኛ ዛሬ በዚያው ፓርክ በግ እየጠበስን ይህን ነገር የፈጠርነው እኛ ይመስለናል።

ባለፈው በጋ ባልደረባዬ ኖርዌይ ሄደች። ዘመዶቿ በቡናና ዋፍል ተቀበሏት። ከአሜሪካ የተጻፉ ደብዳቤዎች ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ነበር አለችኝ፣ አልቅሳ። እኔም ደስ አለኝ። ግን ወንድሟ ሴንት ፖል ነው የሚኖረው፣ ከእሷ ቤት ወንዙን ተሻግሮ፤ በዓመት አንዴ የገና ካርድ ይላላካሉ። አራተኛ ቤት የአጎት ልጅ ፍለጋ ውቅያኖስ መሻገር!

እኛ ደግሞ ዘመድ አንፈልግም፣ ዘመድ ነው ፈልጎ የሚያገኘን። ቁጥር ብትቀይር ያገኝሃል። ዘር ቆጠራም ብንል አንታማም፤ ለጋብቻ ሰባት ቤት ድረስ እንቆጥራለን። ጎጃምና ጎንደር ደግሞ ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም ተቆጥሮ ነበር። ሽማግሌው የትኛዋ ሴት የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቀው ሙግት ስላለበት ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1967 መሬት ሲታወጅ ሙግቱ ቀረ፣ የርስቱ ቆጠራም አብሮ ቀረ። አገር አቀፍ ሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረግነው በ1976፣ ልደትና ሞት በመላ አገሪቱ መመዝገብ የጀመርነው በ2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለው ሁሉ በአክስቶቻችን ጭንቅላት ውስጥ ነው።

እልህ ያዘኝና አክስቴ ጋ ደወልኩ። ያለ በዓል ስለደወልኩ መጀመሪያ "ማን ሞተ?" አለችኝ። ከዚያ ወንዶቹን ሳትተነፍስ ቆጠረችልኝ። የአያቴን እናት ስም ስጠይቃት ግን ዝም አለች።

"እንዳው እምዬ ነበር የምንላት።"

"ስሟስ?"

"እሱን ደግሞ ማን ጠይቆ ያውቃል? ይልቅ የአጎትህ ልጅ የኮሌጅ ክፍያ ደርሷል።"

ያች የኖርዌይ ጭሰኛ ሚስት እኮ ከነአባቷ ስም ተጽፋለች። አክስቴ እንዳለችው ባሕር ዳር ያሉት ትልቋ እትዬ ሳያውቁ አይቀሩም። የሳቸው ስልክ ያለው ልጃቸው ጋ ነው። ልጃቸው ደግሞ ዱባይ ናት፣ ማታ ማታ ብቻ ነው የምታነሳው።