ክርክር፦ የማረሚያ ቤቱን ቆሻሻ ታራሚው ይልቀመው?

የመከራከሪያ ሐሳቡ ይህ ነው፦ በሰሜን ሸዋ ማረሚያ ቤቶች ቆሻሻ መለየት፣ ብስባሽና ባዮጋዝ (ከቆሻሻና ከዓይነ ምድር የሚወጣ የማብሰያ ጋዝ) ማምረት የታራሚው መደበኛ ሥራ ይሁን። ደግፎ የሚጽፈው ደብረ ብርሃን ያለ የግብርና ባለሙያ ነው። የምትሞግተው ሸዋ ሮቢት ላይ በጥብቅና የምትሠራ የሕግ ባለሙያ ናት።

ደጋፊ፦
የከተማ ቆሻሻ መቶ ቦታ ነው የሚጣለው። የማረሚያ ቤት ቆሻሻ ግን ከአንድ ግቢ ይወጣል፤ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የክክ ገለባ፣ አመድ፣ ሃይላንድ። ለመለየት ከዚህ የተመቸ የት ይገኛል? በእኛ ደጋ እንጨት ስለጠፋ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ማሳው ፍግ አያይም። አንድ ግቢ ብስባሽ ቢያመርት ለራሱ ጓሮ አትክልት በቅቶ ለጎረቤት ገበሬም ይተርፋል።

ስለ ባዮጋዝ ግን አልዋሽም። ጋዙን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች 35 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይወዳሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ በኅዳር ውርጭ ጋዙ የሚብላላበት ጉድጓድ ይተኛል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ እዚያ ይሠራል። ሩዋንዳ ከማረሚያ ቤቶቿ መጸዳጃ ጋዝ አውጥታ የወጥ ቤት እንጨቷን በግማሽ ያህል ቀንሳለች፤ ሥራውን የመራው የኪጋሊ የቴክኖሎጂ ተቋምም በ2005 እ.ኤ.አ. ለንጹህ ኃይል ሥራዎች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የአሽደን ሽልማት ወስዷል። ሙያው ደግሞ ታራሚው ሲፈታ አብሮት ይወጣል።

ተቃዋሚ፦
ወንድሜ፣ ወጥ ቤቱን አይተሃል፤ በሩን አላየህም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ማረሚያ ቤት በር ላይ ቁም። እናቶች ስንቅ ይዘው ተሰልፈዋል፤ እንጀራው በፌስታል፣ ወጡም በፌስታል። ፈታሹ ወጡን በማንኪያ አማስሎ፣ እንጀራውን ዘርግቶ አይቶ ያሳልፋል። ከሰዓት በኋላ አጥሩ ሥር ፌስታሉ ይከመራል። ግቢው ውስጥ ምግብ ቢተርፍማ ማን ስንቅ ይሸከም ነበር? የተረፈውን እንጀራ ታራሚው ብርድ ልብስ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል። ቁራሽ ሳያባክን የሚኖረውን ሰው ስለ ብክነት ልታስተምረው ነው?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሏል። ከዚያ ይጀመር። ያ የአስተዳደሩ ሥራ ነው እንጂ የታራሚው አይደለም።

ደግሞስ ክምሩን የሚበረብረው ማን ነው? ጠያቂ የሌለው፣ ለሳሙና መግዣ የቸገረው ነው። ውስጡ ምላጭ አለ፣ ደም የነካው ጨርቅ አለ፣ የሳል በሽተኛ የተፋበት ሶፍት አለ፤ ቲቢ በእስር ቤት ከውጭው ይልቅ እንደሚበረታ የታወቀ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 እስረኛ በሕግ መሠረት የተወሰነበትን ሥራ ከግዳጅ ሥራ አይቆጥረውም፤ እሺ። የቀጠሮ እስረኛውስ? ገና አልተፈረደበትም። ስለ እስረኞች አያያዝ የወጡት የተባበሩት መንግሥታት የማንዴላ ደንቦችም ታራሚ ለሠራበት ተገቢ ክፍያ ያግኝ ይላሉ።

ደጋፊ፦
ጓንትና ቦት ጫማ ሳይሰጥ ይጀመር አላልኩም፤ የታመመ ይሥራም አላልኩም። የፌስታሉ ነገር ልክ ነው፤ ስንቅ በአገልግል ይግባ።

ተቃዋሚ፦
አገልግል? ቆዳና ስፌት ድርብ ነው፤ በመሀሉ ስልክ ይደበቃል፤ የትኛው ፈታሽ ያሳልፈዋል? ማረሚያ ቤቱ ራሱ ሳህንና ባልዲ በር ላይ ያስቀምጥ፤ ቤተሰብ ስንቁን እዚያው ገልብጦ ዕቃውን ይዞ ይመለስ።

ደጋፊ፦
ይሁን፤ ወጪው ትንሽ ነው። ብስባሹ ግን ይቅር አትበይኝ። ገቢው ታራሚዎቹ በተደራጁበት ማኅበር ይግባ፤ ሽያጩም በማኅበሩ ደረሰኝ ይሁን።

ተቃዋሚ፦
የማኅበሩን የባንክ ደብተር ከማን ጋር አጣምሮ ነው የሚፈርመው? ያለ አስተዳደሩ ፊርማ አንዲት ብር የማይወጣ ከሆነ ታራሚው የሚያገኘው ያስተዳደሩን ፈቃድ እንጂ ደመወዝ አይደለም። ለአንድ ቀን ሥራ ስንት እንደሚከፈል፣ ሲፈታ ስንት ይዞ እንደሚወጣ መጀመሪያ በጽሑፍ ይቀመጥ። ያ ወረቀት ሲመጣ ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት እንነጋገራለን።