ሆድ ቃኚዎቻችን ይኑሩልን

አበል ሳይጠይቁ፣ ማንም ሳይቀጥራቸው፣ በዓል ነው እሑድ ነው ሳይሉ የሚተጉልን ሰዎች አሉን። ሰርጉ አልፎ፣ መልሱ ተበልቶ፣ የቅልቅሉ ድንኳን እንደፈረሰ ሥራ ይጀምራሉ። ሙሽሪት ጠበቅ ያለ ቀሚስ ከለበሰች ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ ይታወቃል። ሰፋ ያለ ከለበሰችማ ወሬው ማታውኑ ሰፈሩን ያዳርሳል። ከዚያ ያቺ ጥያቄ ትከተላለች፦ «እሺ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?»

ሰው ለምን እንደሚያማቸው አይገባኝም። «የባልና የሚስት ጉዳይ ነው» ብሎ ዝም የሚል ጎረቤት ምን ያደርጋል? የኛዎቹ ይቆረቆራሉ። የሰው ማህፀን ሥራ ፈትቶ ሲያዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ትጋታቸው ከምርቃታቸው እንኳ ይቀድማል። ሰርጉ ላይ ምን ብለው መረቁ? «የአብርሃም የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ፣ ውለዱ ክበዱ።» አሜን ተባለ። መጽሐፉ እንደሚለው ይስሐቅ ሲወለድ አብርሃም 100 ዓመቱ ነበር፣ ሣራ 90። በምርቃቱ መሠረት በ28 ዓመቷ ያገባች ልጅ የ62 ዓመት የእፎይታ ጊዜ አላት። መራቂዎቹ ግን እስከሚቀጥለው ፋሲካ እንኳ አልታገሱም።

የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። እሱ በመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። እሷ በየስድስት ወሩ በሚታደስ ኮንትራት ትሠራለች። አንድ ማታ ቁጭ ብለው ሒሳብ ሠሩ። የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ አስቤዛ፣ ዕቁብ። የሚተርፈውን ሲያዩት ለሁለት ሰው ራሱ ያሳፍራል። ስለዚህ ተስማሙ። እሱ ማታ ማታ ኮዲንግ ተምሮ ሥራ ይቀይር፣ እሷ ቋሚ ቅጥር ትፈልግ፣ ትንሽ ገንዘብ ይጠራቀም፣ ከዚያ ልጅ ይምጣ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ስለሆነ ከዚያው ጀመረ።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ስህተታቸው ዕቅዱን ለዘመድ መንገራቸው ነው።

አጎትየው ቡና ላይ ሰሙ። «ልጅ በበጀት? ጉድ እኮ ነው! የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋ አያድርም። ልጅ የራሱን እድል ይዞ ነው የሚመጣው» አሉ። ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ይህ አቦል ላይ ነው። ቶናው እንደተቀዳ ደግሞ ወደ ልጁ ዞረው፣ «ስማ፣ ይሄን ኮምፒውተር ምናምን ብለህ የመንግሥት ሥራህን እንዳትለቅ! ነገ ልጅ ሲመጣ ምን ልታበላው ነው?» አሉት። ቤቱ አሁንም ራሱን ነቀነቀ።

እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። በአቦል እድሉን ተሸክሞ የመጣ ልጅ በቶና ጦሙን አደረ። በሁለት ስኒ መሀል ይህን ያህል መንገድ የሚሄድ አእምሮ በቀላሉ አይገኝም። በረካው ሳይደርስ ባልና ሚስቱ ተሰናብተው ስለወጡ የልጁ መጨረሻ ምን እንደሆነ አልታወቀም።

ስለ እድሉ ካነሳን አይቀር፣ የአመጣጡን ነገር ማጣራት እፈልጋለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባው የዱቄት ወተትና ዳይፐርም ዋጋው እዚያው አብሮት ወጣ። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች እድላቸውን ይዘው እንደመጡ አልጠራጠርም። ምነው ግን አንዱ እንኳ በዶላር ይዞ ቢመጣ!

ደግሞ ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀን በሙከራ ሊቆይ ይችላል ይላል። በዚያ ጊዜ ብቁ አይደለህም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። አባት ሦስት ቀን አለው። ሦስት! አንዱ ሆስፒታል፣ አንዱ ዶሮ ፍለጋ፣ አንዱ ገንፎ ሊበሉ የመጡትን አማካሪዎች ሲያስተናግድ ያልፋል። 90ው ቀን ሲያልቅስ ልጁን ማን ይይዛል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «እናትሽ አለች አይደል!» እናትየው ራሷ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ ሠራተኛ መሆኗ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይደለም። አያት ሳትጠየቅ የተቀጠረች ሞግዚት ናት፤ የሙከራ ጊዜ እንኳ የላትም።

ከሁሉም የማደንቃቸው ግን የግቢያቸውን እትዬ ነው። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት እሳቸው ግቢ ተከራይተው ነው። ሚስትየው ውሃ ልትቀዳ በወጣች ቁጥር፣ «የኔ ልጅ፣ ቶሎ በሉ እንጂ! ቤት ያለ ልጅ ምን ያደርጋል?» ይሏታል። «ያንን መርፌ ተዪው፣ ማህፀን ያደርቃል» ብለውም በነፃ ያክሟታል። ሐኪሙ የነገራትን ብትነግራቸው፣ ሐኪም ምን ያውቃል።

ባለፈው አጠገባቸው ያለው ክፍል ተለቀቀ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ደላላውን ሲያዙት ሁላችንም ሰማን፦ «ባልና ሚስት ይሁኑ። ጨዋ ይሁኑ። ልጅ ግን የሌላቸው! ልጅ ግድግዳ ያበላሻል፣ ውሃ ይፈጃል፣ ጫጫታውን አልችልም።» እኔ አልፈርድባቸውም። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውሉን ቢያንስ ሁለት ዓመት አድርጎታል፤ ሰው መምረጥ አለባቸው። ብቻ፣ እትዬ የሚመኙት ልጅ ተወልዶ የት እንደሚቀመጥ አልነገሩንም። ምናልባት እድሉን ይዞ ሲመጣ ኮንዶሚኒየምም ይዞ ይመጣ ይሆናል።

የዋህ አንባቢ «ምናለ፣ ከፍቅር ነው እኮ» ይለኝ ይሆናል። አዎ፣ ከፍቅር ነው። ዓመታት ሙሉ ሐኪም ቤት የተመላለሰች፣ ዛሬም ያልተሳካ ውጤት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ የምትመለስ ሴትም ታክሲ ሰልፍ ላይ ያቺን ጥያቄ ስትሰማ ፍቅሩ ይገባታል። ስለ ባልየው መቼም አይጠየቅም። «እሱማ ይፈልጋል፣ እሷ ናት» የሚለው ፍርድ ያለ ምስክር የተሰጠ ነው።

ደግሞ አማካሪዎቻችን ልጁ ሲወለድ አይጠፉም። እልልታው ላይ አሉ። ገንፎው ላይ አሉ። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትናው ላይ አሉ፤ «ድግሱ ትንሽ ሳሳ» የምትል አስተያየትም ይዘው ይመጣሉ። ነርሰሪ ምዝገባ ሲደርስ ግን ኔትወርክ የላቸውም። እንዲያውም ያን ጊዜ ሌላ ሥራ ይዘዋል፦ «ታዲያ ለዚህ ልጅ ወንድም አይመጣለትም?»

ወደ ፊዚክስ መምህሩ ልመለስ። ማታ ማታ መብራት እየጠበቀ፣ ሲጠፋ በስልኩ እያነበበ፣ ከዓመት በላይ ከቆየ በኋላ አንድ የግል ድርጅት ተቀበለው። ደመወዙ ከሚያገኘው በእጥፍ ይበልጣል። ድርጅቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፣ ዋስ። ላፕቶፕ ስለሚሰጡት ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ይፈርምለት።

ልጁ አላመነታም። ላልተወለደ ልጅ የ20 ዓመት ቀለብ አፋቸውን ሞልተው ዋስ የሆኑ አጎት አሉት። ሄዶ ነገራቸው። አጎት ሻዩን አስቀመጡ።

«ዋስ? የኔ ልጅ፣ ዘመኑን እያየኸው። ነገ የሚሆነው አይታወቅም። ሰው እንዲሁ ተነስቶ ዕዳ ውስጥ አይገባም እኮ። አስቦ፣ አቅሙን አይቶ ነው።»

«ጋሼ፣ ለአንድ ላፕቶፕ ነው እኮ።»

«ቢሆንም። መጀመሪያ ተረጋጋና፣ ትንሽ ያዝ አድርግና፣ ያኔ ይታሰባል።»

የፈረመለት አብሮት የሚያስተምረው የኬሚስትሪ መምህር ነው። ስለ ልጅ አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም። ድርጅቱ ግን የመምህሩ ደመወዝ ለላፕቶፑ አይበቃም አለ፤ ስለዚህ የባዮሎጂው መምህርም ተጨምሮ ፈረመ።