ኧረ ባትሪውን ተዉት!

ጀመዓ፣ ይሄ «ባትሪ ቀይር» የሚባል ነገር መቼ ነው የሚያበቃው? መኪናው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ መሃል መንገድ ላይ ድርግም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ቁልፍ ሲዞር ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ጋራዥ ሲደርስ ኮፈኑ እንኳ ሳይከፈት መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፦ ባትሪ! ይቀየራል። ደግሞ ይጠፋል። «እንግዲያው ዲናሞው ነው።» ዲናሞ ይገዛል፣ ያውም ከሌላ መኪና የተፈታ። አሁንም ይጠፋል። በዚህ ኑሮ ውድነት የሰው ገንዘብ በግምት ይበላል? ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያው፣ እኮ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው!

ባትሪ ሲደክም እንዲህ አያደርግም። የደከመ ባትሪ ጠዋት በደሴ ብርድ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) እያቃሰተ ያዞራል፣ ወይ ጭራሽ እምቢ ይላል። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ በኋላ ግን መኪናውን የሚመግበው ዲናሞው ነው። ዲናሞ ሲሞት ደግሞ የባትሪ ምልክቱ ዳሽቦርድ ላይ ይበራል፣ የፊት መብራቱ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ መኪናው ቀስ እያለ ይደክማል። ድርግም ብሎ ጠፍቶ መልሶ ቦግ የሚለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የላላ ወይም የዛገ መገናኛ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ምን ጠፋ?» ነው። ይሄን የሚጠይቅ ግን የለም! ክላክሱም አራቱም ፍሬቻም አብረው ከጠፉ ችግሩ ከባትሪው ጫፍ፣ ከማሳ ገመዱ (የባትሪውን ኔጋቲቭ ከመኪናው ብረት ከሚያገናኘው) ወይም ከዋናው ፊውዝ አይርቅም። ክላክሱና የፊት መብራቱ እየሠሩ ዳሽቦርዱና ሞተሩ ብቻ ከጠፉ የቁልፍ ማዞሪያውን ስዊችና ሶኬቱን እዩ፤ ከቁልፉ ጋር የቤቱም የሱቁም ቁልፍ ሲንጠለጠል ውስጡ ይበላል። ሞተሩ ጠፍቶ የዘይትና የባትሪ ምልክቶቹ ዳሽቦርዱ ላይ ከበሩ ደግሞ ኮረንቲው አለ ማለት ነው፤ የሞተሩን ሪሌ (ኮረንቲ የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) እና የነዳጅ ፓምፑን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ልኬቱ። መኪናው ለሰዓታት ቆሞ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያነባል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካነበበ ዲናሞው በዚያ ሰዓት እየሞላ ነው። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ዋናው ነገር የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ዘንግ ራሱ የባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ (ጫፍ) ላይ፣ ቀዩን ንጹህ የሞተር ብረት ላይ ያዙና አንድ ሰው ሞተር ያስነሳ። 0.2 ቮልት አካባቢ ቢሆን ደህና ነው። ግማሽ ቮልት ካለፈ የማሳ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ተበልቷል። ቀጥሎ እንደዚያው ሞተር እየተነሳ ከባትሪው እርሳስ ወደ ማሰሪያው ብረት ለኩ፤ እዚያ ዜሮ አጠገብ ካልሆነ ሌላ ጋ አትድከሙ። በኦም (በቴስተሩ የመቋቋም መለኪያ) ለክቶ «ገመዱ ሰላም ነው» የሚል ካለ አትመኑት። ከገመዱ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር እንኳ ኦም ደህና ነው ይላል፤ ሞተሪኖው ከ100 አምፔር በላይ ሲስብባት ግን አትችልም።

የባትሪው ማሰሪያ ሲሰፋ ሚስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ የሚሸጎጥበት ነገርስ? አስፋልቱ ላይ ይይዛል፣ ኮብልስቶን ላይ ይለቃል። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካወጣ ኔጋቲቩን ቀድማችሁ ፍቱ፣ በሙቅ ውሃና በቢካርቦኔት እጠቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ ኔጋቲቩን መጨረሻ እሰሩ፣ ከላይ ግሪስ ቀቡ። በናስትሮ የተጠቀለለውን የሙዚቃ ቴፕና የአላርም ገመድ ቅጥያም ፈታታችሁ እዩ፤ ሙቀት ሲነካው ሙጫው ይቀልጣል።

ደግሞ እባካችሁ፣ ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀል አቁሙ! «ዲናሞውን እየፈተሽኩ ነው» እየተባለ ስንት የመኪና ኮምፒውተር ይቃጠላል። ገመዱ ሲነቀል ቮልቴጁ በቅጽበት ይዘላል፣ የዲናሞውን ሬጉሌተርም (ቮልቴጁን የሚመጥነውን) ይዞ ይሄዳል።

የኛ አገር መንገድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ ጠዋት በጉሙ ሲታይ ሰላም የሆነ መኪና ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ይጠፋል፤ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ስንጥቅ ያለበት ፊውዝና ሪሌ ኮረንቲውን ይቆርጣል። በብርድ የሚፈትሽ ሰው ምንም አያገኝም። ሲሞቅ ይፈተሽ! መብራቱን አብርታችሁ፣ ቴስተሩን አስራችሁ፣ ገመዱን በስንዝር በስንዝር ነቅንቁ፤ ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ነው በሽታው። አሁንም ከተደበቀ ከተጠረጠረው መስመር ባለ 5 አምፔር ፊውዝ አስገብታችሁ ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል ዳሽቦርድ ላይ አውጡና ንዱ። መኪናው ሲጠፋ አምፖሉ አብሮ ከጠፋ መስመሩ ተገኘ።

ቁልቁለት ላይ ከጠፋባችሁ ቁልፉን አትንቀሉ፣ መሪው ይቆለፋል። መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም የሚያግዘው ለጥቂት ርግጫ ብቻ ስለሆነ አንዴ ረግጣችሁ ያዙ እንጂ ደጋግማችሁ አትርገጡ። ይሄ ሁሉ ከኋላ ሲኖትራክ እየመጣ ነው!

ጋራዥ ስትሄዱ «ስንት ቮልት አነበበ? የት ለካኸው?» በሉ። ባትሪ ቀይረው ከሆነም አሮጌውን ጥላችሁ አትምጡ፤ የናንተ ነው። ሞልታችሁ አሳድሩና ለኩት፣ ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል።